የሕፃናት የእጅ ሥራና የጨዋታ ቦታ እንዴት ይዘጋጃል?

እንደሚታወቀው በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ትምህርት ዕቅድ፣ ስለ ጥቁር ሰሌዳ አጠቃቀምና ስለ ፈተና አወጣጥ ብዙ ተጽፏል። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ስላሉት ትንንሽ ልጆች ግን እምብዛም አልተነገረም። እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች በቡድን ሆነን ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ ያየነውን፣ የተሳሳትነውንና ከስህተታችን የተማርነውን ለዕጩ መምህራን ጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ለማቅረብ እንወዳለን።

ለማለት የፈለግነው በአጭሩ ይህ ነው፦ ቦታ ራሱ ያስተምራል። አሰብንበትም አላሰብንበትም ያስተምራል። የሚያስተምረውን ነገር መምረጥ ግን የመምህሩ ሥራ ነው።

ሀ. ያገኘነው ክፍል

የተመደብንበት የዜሮ ክፍል ሰባት በስምንት ሜትር የሆነ፣ ቀድሞ የትልልቅ ተማሪዎች የነበረ ክፍል ነው። ዴስኮቹም የትልልቆቹ ነበሩ። ከሃምሳ የማያንሱ ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ የአብዛኞቹ እግር መሬት አይነካም፤ ተንጠልጥሏል። ፊደሉ ከግድግዳው ላይኛው ክፍል፣ ከጣሪያው ሥር ተለጥፏል። መምህርቷ በእንጨት እየጠቆመች ትላለች፣ ልጆቹ በኅብረት ይመልሳሉ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ደግሞ እንደገና።

በእውነቱ ልጆቹ ምን እየተማሩ ነበር? ፊደል ይማሩ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከሁሉ አብልጠው የሚማሩት ግን መጠበቅን ነበር። እስኪጠሩ መጠበቅ፣ ጠመኔው እስኪደርሳቸው መጠበቅ፣ ደወሉ እስኪደወል መጠበቅ። ደወሉ ሲደወል ግን ጉድ ነው! እነዚያው ዝም ያሉ ልጆች በግቢው ውስጥ በቆርኪ ገበያ ያቆማሉ፣ በጠጠር ቅልልቦሽ ይጫወታሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ ይሠራሉ፣ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ቡና ያፈላሉ፣ እንግዳ ይቀበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ክፍል ውስጥ አንድም ቃል ያልወጣው ልጅ ውጭ በሀዲይሳ ሲያዝዝና ሲያስተባብር አየነው።

ይህንን የምንጽፈው መምህርቷን ለመውቀስ አይደለም። የተሰጣት ክፍል ያ ነው፤ የተሰጣት ዴስክም ያ ነው። ያንን ክፍል ነገ የምንረከበው ደግሞ እኛው ነን።

ለ. ጉዳዩ ከየት ተነሣ?

ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ፍሮቤል በ1837 እ.ኤ.አ. በብላንከንቡርግ ከተማ የትንንሽ ልጆች ማሠልጠኛ ከፈተ፤ በ1840 እ.ኤ.አ. ደግሞ የልጆች አትክልት ቦታ የሚል ስም ሰጠው። እኛም በአማርኛ አጸደ ሕፃናት የምንለው ከዚሁ አሳብ ነው። አጸድ አትክልት ያለበት ቅጥር ነውና። በአገራችን ዘመናዊው አጸደ ሕፃናት በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በድሬዳዋ ለምድር ባቡር ሠራተኛ ፈረንሳውያን ልጆች እንደተጀመረ ይጠቀሳል። ለረጅም ዘመን አገልግሎቱ የከተማና የከፋይ ቤተሰብ ሆኖ ቆየ። ዜሮ ክፍል በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በስፋት የተጀመረው ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በተካሄደው አራተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ሁለት ዓመት እንዲሆን ደነገገ። እንግዲህ በሩ ተከፍቷል፤ ልጆቹም ገብተዋል። የገቡበት ክፍል ግን ገና ለእነርሱ አልተዘጋጀም።

ገንዘብ የለም የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ከውጭው ዓለም ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። በጣሊያን አገር በሬጂዮ ኤሚሊያ አካባቢ ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 እ.ኤ.አ. ወላጆች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን አንድ ታንክ፣ ጥቂት የጭነት መኪናዎችና ፈረሶች ሸጠው፣ ከፈረሱ ቤቶች ጡብ ለቅመው በእጃቸው የሕፃናት ትምህርት ቤት ሠሩ። ሎሪስ ማላጉዚ የተባለው መምህር ይህንን ሰምቶ በብስክሌት ሊያይ ሄደ፤ በዚያው ቀረ ማለት ይቻላል። ከተማው ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከፈታቸው የሕፃናት ትምህርት ቤቶችም የእጅ ሥራ ክፍል እንደ ዋና ክፍል ተቆጠረ። ሁለተኛው ምሳሌ ዴንማርክ ነው። ሶረንሰን የተባለው የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ልጆች ከተሠራላቸው መጫወቻ ይልቅ በየሕንፃ ሥራው ቦታ በተጣለ እንጨትና ጡብ መጫወት እንደሚወዱ አስተውሎ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ኤምድሩፕ በተባለ ሠፈር በውዳቂ ዕቃ የሚሠራበት የመጫወቻ ሜዳ እንዲከፈት አደረገ። ሁለቱም የተጀመሩት በችግር ዘመን እንጂ በጥጋብ ዘመን አይደለም።

ሐ. የመጀመሪያው ሙከራችንና ስህተታችን

ቅዳሜ ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ሠራን። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፋን፤ በካርቶን አራት ማዕዘን ከለልን፤ በቀለም ጻፍን፣ ሳልን። ከሸክላ አፈር ላም፣ ጀበና፣ ጎጆ ቤት ሠርተን እንዳይሰበርብን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ደረደርነው። እውነቱን ለመናገር በሥራችን ኮራን።

ሰኞ ልጆቹ ገቡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ተመለከቱ። አንዱ ጠጋ ብሎ፣ «ቲቸር፣ ልንካ?» አለ። ሌላዋ፣ «ቲቸር፣ ልውሰድ?» አለች። ማለዳው በሙሉ «ልንካ? ልሂድ? አውርዱልኝ?» በሚል አለፈ። ሊከታተሉን የመጡት መምህራችን መሬት ላይ ተቀምጠው ምንም ሳይናገሩ አንድ ልጅ ባስፈቀደ ቁጥር በወረቀት ላይ ጭረት ያደርጉ ነበር። ግማሽ ገጽ በጭረት ሞላ። ደወል ሲደወል ወረቀቱን ሰጡንና፣ «ይህ የእናንተ ኤግዚቢሽን ነው። የልጆቹ ማዕዘን የታለ?» አሉን።

ከፋን። ማታ ስንወያይ ግን ትክክል መሆናቸውን አመንን። ዴስኩ መጠበቅን አስተማረ፤ የእኛ ማዕዘን ደግሞ አለመንካትን አስተማረ። ምን ልዩነት አለው? ከዚያ ቀን ወዲህ የምንለካበት መለኪያ አራት ቃል ሆነ። ልጁ ማንንም ሳያስፈቅድ ማየት፣ መድረስ፣ መምረጥና ወደ ቦታው መመለስ ይችላል ወይ? ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ማዕዘኑ የመምህሩ ነው፤ የልጁ አይደለም።

መ. የክፍሉ ውስጥ አደረጃጀት

1ኛ/ ቁመት። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ቁመታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ15 ሳ.ሜ. አካባቢ ነው። ስለዚህ መደርደሪያው ከ80 ሳ.ሜ. ባይበልጥ፣ መቀመጫው ከ26 እስከ 31 ሳ.ሜ.፣ ጠረጴዛው ከ46 እስከ 53 ሳ.ሜ. ቢሆን ይስማማቸዋል። አናጢ ከተገኘ የአሮጌ ዴስክ እግር በመጋዝ ሊያጥር ይችላል፤ ግን ርእሰ መምህሩን ሳያስፈቅዱ አይደለም! ካልተቻለ በሰሌን ላይ መቀመጥና ጣውላ በጡብ ላይ አስተኝቶ መሥራት ይበቃል። በግድግዳ የሚለጠፈውም ሁሉ በልጁ ዓይን ልክ ይውረድ። እኛ ይህንን ያወቅነው በጉልበታችን ተንበርክከን ክፍሉን በዞርን ጊዜ ነው። ከዚያ ከፍታ የሚታየው ወገብና የዴስክ ጎን ብቻ ነበር።

2ኛ/ ቦታ አመራረጥ። ውኃና ጭቃ ያለበት ሥራ ከበሩ አጠገብ ይሁን፤ ማፍሰስም መጥረግም ይቀላል። ሥዕል ከመስኮቱ ሥር ይሁን፤ ብርሃን ይፈልጋል። መጽሐፍና ተረት ከበሩ ርቆ ጸጥ ባለው ጥግ ይሁን። ግንባታ (ቁርጥራጭ ጣውላ፣ ባዶ ጣሳ፣ ካርቶን) የሰው መተላለፊያ ባልሆነበት ጥግ ይሁን፤ አለበለዚያ ግማሽ ሰዓት የተደከመበት ቤት በአንድ አላፊ እግር ይፈርሳል፣ ጠብም ይነሣል። ዕቃ ዕቃ ጨዋታ ከግንባታው ጎን ቢሆን መልካም ነው፤ ቤት ሠሪውና ቤት ነዋሪው ይጠራራሉና። በመካከል 90 ሳ.ሜ. ያህል መተላለፊያ ይቅር። በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ልጅም ያልፍበታል።

3ኛ/ ብዛት። ሃምሳ ስድስት ካሬ ሜትር ለሃምሳ ልጆች ሲከፈል ለአንዱ ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማዕዘን ውስጥ መክተት አይሆንም። ግማሹ ውጭ ሲጫወት ግማሹ ውስጥ ይሥራ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። አንድ መምህር ብቻ ካለ በረንዳው ከክፍሉ ጋር ባንድ ዓይን እንዲታይ ሆኖ ይደራጅ።

4ኛ/ ዕቃ። በዚህ ረገድ አካባቢያችን ሀብታም ነው። ቃጫ፣ የደረቀ የእንሰት ቅጠል፣ ቀርከሃ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ቅል፣ ቆርኪ፣ የተረፈ ጨርቅ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በአንጋጫ ያለ ገንዘብ ይገኛል። ቀለም ከቀይ አፈር፣ ከከሰል፣ ከእርድና ከቀይ ሥር ይዘጋጃል፤ ቀጭን የዱቄት ሙጫ ሲጨመርበት ከወረቀቱ ይይዛል። ብሩሽ ጫፉ የተቀጠቀጠ መፋቂያ ነው። ወረቀት ያለፈው ዓመት ፈተና ጀርባ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቅርጫት፣ እያንዳንዱ ቅርጫት በላዩ የተሳለ ምልክት ይኑረው፤ ማንበብ የማይችል ልጅ በሥዕሉ አይቶ ይመልሳል።

5ኛ/ ጥንቃቄ። ጥቁር ሰሌዳ ለማጥቆር የተለመደው የባትሪ ድንጋይ ዱቄት ጎጂ ስለሆነ ለልጅ ቀለም አይሆንም፤ ከሰል ይበቃል። የስሚንቶ ከረጢት ብናኙ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ይቅር። የጉሎ ፍሬ ለዓይን ቢያምርም መርዝ ነውና ለመቁጠሪያ እንኳ አይቅረብ። ውኃ የሞላ ባልዲ ያለ ጠባቂ አይቀመጥ፤ ትንሽ ልጅ በባልዲ ውኃም ሊሰጥም ይችላል።

ሠ. ሸክላውና የገጠመን ነገር

መደርደሪያውን ዝቅ ካደረግን በኋላ ልጆቹ ከሁሉ በላይ የወደዱት የሸክላ አፈሩን ነበር። በሦስተኛው ቀን የአንድ ልጅ አያት መጡ። በትሕትና ሰላምታ ሰጥተውን፣ «ልጆቼ፣ እኛ ልጁን የላክነው ፊደል ይቁጠር ብለን ነው። ጭቃ የሚያቦኩትማ ሌሎች አሉ» አሉን።

«ሌሎች» ሲሉ ማንን ማለታቸው እንደሆነ በሀዲያም በከምባታም ያደገ ሰው ያውቃል። ሸክላ ሠሪ ወገኖቻችን ምጣዱን፣ ጀበናውን፣ ገንቦውን ለሁላችን እየሠሩ፣ አብሮ መብላትና መጋባት ተነፍጓቸው፣ መሬት ሳይኖራቸው ዘመናት ኖረዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በግል ጉልበቱ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲደለደል ደነገገ። መሬቱን አዋጅ ሰጠ፤ ንቀቱን ግን አዋጅ ብቻውን አላነሣውም።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? ሳንደብቅ እንናገር፣ ፈራን። «እሺ እማማ» ብለን ሸክላውን ሰብስበን ከመጋዘን አስገባነው። ሁለት ቀን አለፈ። በክፍሉ ውስጥ ከኋላ ጥግ ብቻዋን የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የመጣች ናት። በሸክላው ማዕዘን ግን ልጆች ሁሉ እርሷን ከበው፣ «እንዴት አደረግሽው?» ይሏት ነበር። አፈሩ ከተነሣ በኋላ እዚያ ቦታ ሄዳ ባዶውን ጣውላ አይታ ተመለሰች። አልጠየቀችም። ቦታውን ስናፈርስ ምን እንዳስተማርናት ያን ጊዜ ገባን። የአያትዮውን ቃል እኛ በሥራ ደገምነው።

ከመምህራችን ጋር ተመካክረን አፈሩን መለስን። ከዚህም አልፈን የልጅቷን እናት፣ «እትዬ፣ አፈሩ እየተሰነጠቀብን ነውና አሳዩን» ብለን ጠየቅናቸው። መጡ፤ ግን ከበሩ ውጭ ቆሙ። ግቡ ብለን ወንበር እስክናቀርብ ድረስ አልገቡም። አፈራችንን በጣታቸው አሽተው ሳቁ። «ይኼ እኮ ግማሹ ጠጠር ነው!» አሉ። ከእርሳቸው የተማርነው አሠራር የሚከተለው ነው። ከላይ ያለው ጥቁር አፈር ከሥሩ ጋር ይነሣል፤ ከታች ያለው የሚያሙለጨልጭ አፈር ይቆፈራል። ደርቆ ይወቀጣል፣ ይነፋል፤ በውኃ ርሶ ያድራል። ከዚያ አየር እስኪወጣለት በደንብ ይታሻል። ጣት ላይ ተጠቅልሎ ካልተሰነጠቀ ደርሷል። የተረፈው በእርጥብ ጆንያና በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ጥላ ሥር ቢቀመጥ ብዙ ቀን ሳይደርቅ ይቆያል።

አያትዮው ሌላ ቀን ተመልሰው መጡ። የልጅ ልጃቸው በሬ ሠርቶ ነበር። ብዙ አዩትና፣ «ቀንዱ እንዲህ አይደለም፤ ወደ ላይ ነው» ብለው በጣታቸው አቀኑት። አመለካከታቸው ተለወጠ ብለን ለመጻፍ አንደፍርም። ጣታቸው ግን ሸክላ ነክቷል። ልጅቷም ከዚያ ወዲህ ብቻዋን አልተቀመጠችም።

ረ. የውጭው ጨዋታ ቦታ

የሮጠ፣ የወጣና የተንጠላጠለ ልጅ ሲመለስ የተሻለ ተቀምጦ ይሠራል፤ ይህንን በየቀኑ አይተናል። ስለዚህ ውጭው ከውስጡ እኩል ይታቀድ። በአካባቢያችን ክረምቱ ከባድ ስለሆነ በመጀመሪያ መታሰብ ያለበት የውኃው መውረጃ ነው። ቦታው ጥቂት ተዳፋት ይሁን፤ ቦይ ይቀደድለት።

አሮጌ ጎማ ግማሹ ተቀብሮ ለመዝለያና ለመሿለኪያ ይሆናል። ሽቦው የወጣ ጎማ ግን አይወሰድ፤ ውኃ እንዳያቁርና ትንኝ እንዳይራባበት ከታች በኩል ይበሳ። ዥዋዥዌ ከተሠራ የባሕር ዛፉ ምሰሶ ጫፉ በእሳት ተለብልቦ በጥልቀት ይቀበር። ገመዱ ከተንጠለጠለበት ከፍታ እጥፍ የሚሆን ርቀት ከፊትም ከኋላም ባዶ ይሁን፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ከሆነ በየበኩሉ 3 ሜትር ከ60 ማለት ነው። መውጫና መንጠላጠያ ከ1 ሜትር ተኩል አይብለጥ፤ ከሥሩም 30 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው አሸዋ ይደልደል። የአሸዋው ገንዳ ማታ ማታ ካልተሸፈነ የድመትና የውሻ መጸዳጃ ይሆናል። ለጥላ ዋንዛ ወይም ወይራ ይተከል፤ የሚጠቀመው ከእኛ በኋላ የሚመጣው ልጅ ቢሆንም።

ሁሉም ነገር ግን ተገንብቶ አይለቅ። ልጆቹ ራሳቸው የሚያነሡትና የሚያፈርሱት ጣውላ፣ ድንጋይ፣ ገመድና ቅጠል የሚቀመጥበት አንድ ጥግ ይኑር። ያሆዴ ወይም መሳላ ካለፈ በኋላ ልጆቹ በዚያ ጥግ በጭራሮ ደመራ ሲያቆሙ አይተናል። ያንን መሣሪያ ማንም ፋብሪካ አይሠራላቸውም።

ሰ. የመምህሩ ድርሻ

ቦታው ከተዘጋጀ መምህሩ ሥራ ፈታ ማለት አይደለም። አንደኛ፣ ሞዴል አይሳል። እኛ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቆርቆሮ ክዳን ያለው አራት ማዕዘን ቤት ብንሥል ሃምሳ ልጅ ሃምሳ የቆርቆሮ ቤት ሣለ፤ ብዙዎቹ የሚያድሩት ክብ ሣር ቤት ውስጥ ሆኖ ሳለ። ሥዕሉን ባጠፋን ማግስት ጎጆ፣ ጥጃ፣ የእንሰት ተክልና የሚጨስ ምድጃ መጣ። ሁለተኛ፣ ይመልከት፤ ማን ምን እንደመረጠ፣ ማን ብቻውን እንደቀረ በማስታወሻ ይያዝ። ሦስተኛ፣ ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ በሀዲይሳም ይሁን በከምባትኛ፣ ስለ ሥራው ሲናገር ያድምጥ። ቋንቋውን የማናውቅ ከሆነ እንማር፤ ልጆቹ ጥሩ መምህራን ናቸው። አራተኛ፣ ወላጆችን ይጥራ። «ሲጫወት ዋለ» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ጣሳ ሲደረድር ስምንት ድረስ ቆጠረ» ብሎ መንገር ወላጅን ያሳምናል።

በመጨረሻም በልምምዳችን ማብቂያ ቀን መምህራችን እንደገና መጥተው መሬት ላይ ተቀምጠው ወረቀታቸውን አወጡ። ማለዳው አለፈ። ጥቂት ጭረት ብቻ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ጥያቄ፣ «ቲቸር፣ ነገም ይኖራል?» የሚል ነበር። «አዎን» አልን። እኛ በሳምንቱ ወደ ተቋማችን ተመለስን። ያ ማዕዘን ዛሬ መኖሩና አለመኖሩ በእኛ እጅ አይደለም፤ በየተመደብንበት ትምህርት ቤት ነገ የምንከፍተው ማዕዘን ግን በእጃችን ነው።

ለውይይትና ለተግባር፦

1. በምትለማመዱበት ክፍል ለአንድ ማለዳ ልጆች ስንት ጊዜ እንዳስፈቀዱ በጭረት ቁጠሩ። ከጥያቄዎቹ የትኞቹን በዕቃ አቀማመጥ ብቻ ማስቀረት ይቻላል?

2. ክፍላችሁን በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ ዙሩ። ምን ይታያል? ምን አይታይም?

3. በትውልድ አካባቢያችሁ «የሌሎች ሥራ» ተብሎ ልጅ እንዳይነካው የሚከለከል ሙያ አለ ወይ? በክፍላችሁ እንዴት ቦታ ትሰጡታላችሁ?